ጥላና ልባስ፦ የባለ ሸራ ጀልባ የፀሐይ መከላከያ አሰፋፍና አገጣጠም

በአማርኛ «ሸራ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ጀልባን በነፋስ የሚነዳት ጨርቅ ሸራ ነው፤ ከፀሐይና ከዝናብ ለመከለል የሚወጠረው ወፍራም ጨርቅም ሸራ ነው። ሁለቱ በአንድ ጀልባ ላይ ስለሚገናኙ እንዳይምታቱ፣ በዚህ ጽሑፍ «ሸራ» የምለው ነፋስ የሚይዘውን ብቻ ነው። ሸራው በሚያርፍበት ጊዜ የሚለብሰውን «ልባስ»፣ ሰው የሚጠለልበትን ደግሞ «ዳስ» እላለሁ። ቀጥ ብሎ የቆመው፣ የጥንት መጻሕፍት ደቀል የሚሉት ግንድ «ምሰሶ» ነው፤ ከምሰሶው ሥር ተነሥቶ ወደ ኋላ የተዘረጋውንና የዋናውን ሸራ ግርጌ የሚይዘውን ዘንግ «አግዳሚ» ብየዋለሁ።

ልባስ የሌለው ሸራ በፀሐይ ይበልጥ የሚጎዳው ነፋስ ሲጎትት ሳይሆን ሥራ ፈትቶ በተኛበት ጊዜ ነው። ለረጅም ጉዞ የተሠራች ጀልባ ጥቂት ሰዓት ትጓዝና መልህቋን ጥላ ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ታሳልፋለች። በዚህ ጊዜ ሁሉ ዋናው ሸራ በአግዳሚው ላይ ታጥፎ ይቀመጣል፤ ወደ ሰማይ የሚያየውም በአብዛኛው ያው እጥፋት ነው። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ400 ናኖሜትር በታች የሆነውና ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር፣ ሰው ሠራሽ ክር የተገነባባቸውን ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ይበጥሳል። የጉዞ ጀልባ ሸራ ባብዛኛው የሚሸመነው ዳክሮን በሚል የንግድ ስም ከሚታወቀው ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ጨረሩን ለተወሰነ ጊዜ ይቋቋማል፤ ለቀላል ነፋስ የሚሰቀል ሸራ የሚሠራበት ናይለን ግን ከእሱም ፈጥኖ ይደክማል። ጉዳቱ ለረጅም ጊዜ በዓይን አይታይም። ጨርቁ ነጭና ንጹሕ መስሎ ይቆይና አንድ ቀን በአውራ ጣት ሲገፉት እንደ አሮጌ ወረቀት ይቀደዳል። የደረሰው ጉዳት በዕረፍት አይጠገንም፤ የዛሬው ሰዓት በትናንቱ ላይ ይደመራል፣ ደመናም ጨረሩን ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም።

ጉዳቱ በሰዓት የሚደመር በመሆኑ፣ ልባስ የሚጠብቀው ለብሶ በዋለበት ሰዓት መጠን ብቻ ነው። ለመልበስ ሃያ ደቂቃና ሁለት ሰው የሚፈልግ እጅግ ያማረ ልባስ፣ መርከበኛው ደክሞት በደረሰበት ማታ ሳይለበስ ያድራል፤ በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣም ገና መሳቢያ ውስጥ ነው። ዳስም እንዲሁ ነው፤ ለመዘርጋት አድካሚ፣ ለማውረድ አስጨናቂ ከሆነ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ማንም አያወጣውም። ስለዚህ ከጨርቅ ምርጫ እስከ ቁልፍ አቀማመጥ ድረስ ለሚነሣው ጥያቄ ሁሉ በእኔ ግምት ትክክለኛው መለኪያ አንድ ሰው ብቻውን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሊያደርገውና ሊያወልቀው መቻሉ ነው።

ለልባስም ለዳስም አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ከመፈተሉ በፊት ቀለም የጠጣ አክሪሊክ ነው። በተለመደው አሠራር ጨርቁ ከተሸመነ በኋላ ይነከራል፤ በዚህ ጊዜ ቀለሙ በአብዛኛው ከክሩ ላይኛ ክፍል አያልፍም። በዚህኛው ግን ቀለሙ ክሩ ገና ፈሳሽ ሳለ ስለሚቀላቀል፣ ክሩ እንደ ቀይ ሥር እስከ ውስጡ አንድ ቀለም ነው። ሰንብሬላ በሚል ስም ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው ጨርቅ የዚህ ዓይነቱ ነው። ለጀልባ የሚውለው ክብደቱ በካሬ ሜትር 310 ግራም ገደማ ሲሆን፣ በብዛት የሚገኘው በ117 እና በ152 ሴንቲሜትር ስፋት ነው። አክሪሊክ ፀሐይን በደንብ ይችላል፣ ውኃ በላዩ ተንከባሎ ይወርዳል፣ አየርም ያስተላልፋል። ድክመቱ መፈግፈግ ነው፤ ከሻካራ ወይም ከሹል ነገር ጋር ሲታሽ ቶሎ ይሳሳል። በማዕዘን ሲጎትቱትም ስለሚለጠጥ፣ ሲቆረጥ የሽመናው ቋሚ ድር ጭነቱ በሚበረታበት አቅጣጫ እንዲሄድ መደረግ አለበት።

ፕላስቲክ የተቀባ ፖሊስተር ውኃ ፈጽሞ ስለማያሳልፍ ብዙዎችን ይስባል። ለዳስ ሊሆን ይችላል። ለሸራ ልባስ ግን አልመክረውም፤ ከሥሩ የቀረው እርጥበት መውጫ ስለማያገኝ ሸራው ላይ የሻጋታ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። ሻጋታው ፖሊስተሩን ባይበላውም በክሮቹ መካከል ባለው ቆሻሻና ጨው ላይ ያድጋል፣ ምልክቱም በቀላሉ አይለቅም።

ክሩን ብዙዎች የሚያስታውሱት ሲበጠስ ነው። በተለመደው የፖሊስተር ክር የተሰፋ ጥሩ የአክሪሊክ ልባስ ላይ ቀድሞ የሚሞተው ክሩ ነው፤ ስፌቱ ከጨርቁ በላይ ወጥቶ ፀሐዩን ፊት ለፊት ይቀበላልና። ፒቲኤፍኢ ከሚባለው፣ መጥበሻ እንዳይዝ ከሚቀባው ቁስ ዘር የሚሠራ ክር አለ። ጨረሩ አይነካውም ማለት ይቻላል፣ ብዙውን ጊዜም ከተሰፋበት ጨርቅ በላይ ይኖራል። ዋጋው ከፖሊስተር በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ እጅግ ስለሚያንሸራትትም የስፌት መኪናው ውጥረት ተስተካክሎ እስኪያዝ ድረስ ትዕግሥት ይጠይቃል። ነገር ግን በአንድ ልባስ ላይ የሚያልቀው ክር ጥቂት ነው፤ ሙሉውን ስፌት ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና መስፋት የሚወስደውን ድካም ላሰበ ሰው ልዩነቱ ትንሽ ነው።

የዋናው ሸራ ልባስ ልክ የሚወሰደው ሸራው በአግዳሚው ላይ ታጥፎ ነው። አጣጠፉ ደግሞ ለፎቶ የሚሆን ሳይሆን፣ ደክሞ የመጣ ሰው ማታ የሚያጥፈው ዓይነት መሆን አለበት። በጥንቃቄ በተደረደረ ሸራ ላይ የተለካ ልባስ በተራው ቀን አልዘጋ ይላል። መጀመሪያ ከምሰሶው ፊት እስከ አግዳሚው የኋላ ጫፍ ያለው ርዝመት ይለካል፤ ጫፉን አልፎ እንዲሸፍን ወደ አሥር ሴንቲሜትር ይጨመርበታል። ቀጥሎ ክምሩ በምሰሶው በኩል ምን ያህል እንደሚቆም ይለካል፤ የሸራው ራስና በምሰሶው ላይ የሚንሸራተቱት መያዣዎች እዚያ ስለሚደራረቡ ከፍታው ከሌላው ቦታ ብዙ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ሜትር ክሩን ክምሩንና አግዳሚውን አብሮ እያዞሩ ዙሪያውን ከምሰሶው ሠላሳ ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ራቅ ብሎ፣ በመካከል፣ በሦስት አራተኛውና በጫፉ መመዝገብ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ዙሪያ ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲሜትር ማላላት የተለመደውን ቸልተኛ አጣጠፍ ይሸከማል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ልባሱ በነፋስ ይርገበገባል፤ የሚርገበገብ ጨርቅ ደግሞ ክሮቹ በመታጠፍ ብቻ ይሰበራሉ።

ልባሱ ከሥር ተጠርቅሞ መዘጋት የለበትም። ሁለቱ ጠርዞች ከአግዳሚው በታች ጥቂት ጣቶች ያህል ክፍተት ትተው በአጫጭር ላስቲክ ገመድና መንጠቆ ቢያያዙ ውኃው ይንጠባጠባል፣ አየሩም ይዘዋወራል። ከአግዳሚው ሥር የሚነሡት ገመዶችና ዘንጎችም በዚያው ክፍተት መውጫ ያገኛሉ። ከላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ ምሰሶውን የሚያቅፈው አንገት በገመድ ጠበቅ ተደርጎ ካልታሰረ በምሰሶው ላይ የሚወርደው ዝናብ በቀጥታ ሸራው ውስጥ ይገባል። መልህቅ ላይ ያለች ጀልባ ፊቷን ወደ ነፋስ ስለምታዞር፣ በምሰሶው ፊት ያለው መዝጊያ ነፋስ የሚመታው ቦታ ነው። ዚፕ ከተደረገበት ከላዩ የሚደርብ የጨርቅ ክዳን፣ ማዞሪያ ቁልፍ ከሆነም በደንብ የሚደራረብ ጠርዝ ያስፈልገዋል። ዚፑ ወፍራምና ጥርሱ ፕላስቲክ መሆን አለበት፤ የብረት ዚፕ በባሕር አየር ውስጥ በጥቂት ወራት በጨው ተበልቶ ይጣበቃል። በምሰሶው ላይ የገመድ መጠቅለያ ወይም ማሰሪያ ካለ፣ ቅዱ እዚያ ላይ አበጥ ብሎ መውጣት አለበት፤ ያለዚያ ጨርቁ በዚያች አንዲት ነጥብ ተወጥሮ ይቀደዳል።

ልባሱን ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ቀኝና ግራ ሁለት ቁራጭ ቆርጠው፣ በላይኛው ጀርባ ላይ በመገጣጠም ነው። ቅዱ ለመቁረጥ ቀላል ነው፤ ስፌቱ ግን ፀሐይ በቀጥታ በምታርፍበት ጫፍ ላይ ይውላል፣ በመርፌው ቀዳዳም ውኃ ይሰርጋል። የላይኛው መስመር ከምሰሶው እስከ ጫፉ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ፣ ጨርቁን በዚያ መስመር ላይ እጥፋት አድርጎ ከአንድ ቁራጭ መሥራት ይሻላል። በፊተኛው ክፍል ዙሪያው ከጨርቁ ስፋት ሊበልጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ የጎደለው በጎንና ወደ ታች በኩል ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ተጨምሮበት ይሞላል፣ ስፌቱም ከፀሐይ ዞር ይላል።

ልባሱን ከአግዳሚው ሳያወልቁ ለሚኖሩ ሰዎች፣ ሸራው ሲወርድ የሚወድቅበት ከላይ ዚፕ ያለው ቦርሳ መሰል ልባስ አለ። ሸራ ሰብሳቢ ገመዶች ቦርሳውን በሁለት ወገን አንጠልጥለው ይይዙታል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ በጉዞ ላይም ነፋስ ይይዛል። ሆኖም ቀደም ሲል ባነሣሁት መለኪያ የሚስተካከለው የለም፤ ዚፑን መሳብ ብቻ ነው።

ከፊት፣ ከምሰሶው ወደ ጀልባዋ አፍንጫ በተወጠረው ሽቦ ዙሪያ የሚጠቀለለው ሸራ በዚያው ተጠቅልሎ ስለሚቆይ የሚለብሰው ልባስ ከራሱ ጋር የተሰፋ ነው። የሸራው የኋላና የታች ጠርዝ ላይ የአክሪሊክ ወይም ጨረር የሚከላከል ቀላል ዳክሮን ጥብጣብ ይሰፋል፤ ሸራው ሲጠቀለል ይህ ጥብጣብ ብቻ ከውጭ ይቀራል። ሸራው በየትኛው አቅጣጫ እንደሚጠቀለል ሳያረጋግጡ ጥብጣቡን ማሰፋት የሚያስቆጭ ስሕተት ነው፤ በተሳሳተው ፊት ላይ ከዋለ ጥብጣቡ ውስጥ ገብቶ ነጩ ሸራ ውጭ ይቀራል። ጥብጣቡ ራሱ ለመሥዋዕትነት የተሰፋ ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ መቀየሩ የታሰበበት እንጂ ጉድለት አይደለም።

ዳሱን በተመለከተ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስፋቱን ነው፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን ጥላው የት እንደሚያርፍ ነው። ፀሐይ ከአናት ላይ ስትሆን ጥላ ከዳሱ ሥር ይወድቃል። ከአድማስ 45 ዲግሪ ላይ ስትሆን ጥላው በዳሱ ከፍታ ልክ ወደ ጎን ይሄዳል። 30 ዲግሪ ላይ ስትደርስ የከፍታው 1.7 እጥፍ ይርቃል። ከመቀመጫው 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ ዳስ በዚህ ሰዓት ጥላውን 2.6 ሜትር ወዲያ ይጥላል፤ በጠባብ ጀልባ ላይ ይህ ማለት ጥላው ባሕር ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በማለዳና በተለይም ከቀትር በኋላ የሚያድነው ጣሪያው ሳይሆን ከጠርዙ የሚንጠለጠለው መጋረጃ ነው።

መጋረጃው በየት በኩል ይንጠልጠል? ቤት አይዞርም፤ ጀልባ ግን በመልህቅ ላይ ስትሆን ነፋሱን ተከትላ ትዞራለች። ነፋሱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ በሚነፍስበት የሐሩር ባሕር ላይ የጀልባዋ ፊት ወደ ምሥራቅ ያያል፤ የጠዋት ፀሐይ ከፊት ትመጣለች፣ ሙቀቱ የሚበረታበት የከሰዓት ፀሐይ ደግሞ ከኋላ በቀጥታ ወደ መቀመጫው ትገባለች። እዚያ ከሁሉ የሚያስፈልገው የኋላ መጋረጃ ነው። የነፋሱ አቅጣጫ በቀን ውስጥ በሚገለባበጥበት ወይም የባሕሩ ውኃ በየቀኑ ከፍና ዝቅ ማለቱ የሚያመጣው ፍሰት ጀልባዋን በሚያዞርበት ቦታ ግን መጋረጃው በሦስቱም ወገን ሊገጠም የሚችል፣ ተነቃይ መሆን አለበት። ቀለሙን በሚመለከት ነጣ ያለ ጨርቅ ሙቀት ይመልሳል፣ ግን ብርሃን ያሳልፋል፤ ጠቆር ያለው ራሱ ይግላል፣ ከሥሩ ግን ዓይን ያሳርፋል። ዳሱ ከራስ በላይ ራቅ ብሎ አየር በሥሩ የሚያልፍ ከሆነ ጠቆር ያለውን እመርጣለሁ።

ዳስ የሚገዛው ለፀሐይ ነው፤ ዕድሜውን የሚወስነው ግን ነፋስ ነው። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 6 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ ነፋሱን ፊት ለፊት ቢቀበል፣ በ10 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 18.5 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ፣ 10 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ይገፋዋል። በ20 ኖት 40፣ በ30 ኖት 90፣ በ40 ኖት 160 ኪሎ ግራም ይሆናል። አግድም የተዘረጋ ዳስ ይህን ሁሉ አይቀበልም፤ ነገር ግን አንዱ ጠርዝ ተፈትቶ ብድግ ካለ በአንድ ጊዜ ወደዚያ ይጠጋል። ጠፍጣፋ አድርጎ መወጠር ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ የልብስ ማስጫ ገመድ ቀጥ ብሎ በተወጠረ ቁጥር አንዲት እርጥብ አንሶላ ምሰሶውን እንደምትጎትተው ሁሉ፣ ጉብታ የሌለው ዳስ ትንሹን ግፊት በማዕዘኖቹ ላይ አብዝቶ ያሳርፋል።

መፍትሔው ከቅዱ ይጀምራል። የዳሱ ጠርዝ ቀጥ ተደርጎ ከተቆረጠ መካከሉ ላልቶ ይርገበገባል፤ ወደ ውስጥ ጎበጥ ተደርጎ ከተቆረጠ ግን ማዕዘኖቹ ሲሳቡ ጠርዙ ሁሉ ይወጠራል። ለ3 ሜትር ጠርዝ በመካከሉ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር መግባት ይበቃል። በጠርዙ ቅምቅማት ውስጥ የፖሊስተር ጥብጣብ ቢሰፋ ጭነቱን የሚሸከመው ጥብጣቡ እንጂ ጨርቁ አይሆንም፤ ናይለን እርጥብ ሲሆን ስለሚለጠጥ ለዚህ አይሆንም። በማዕዘኖቹም ጨርቅ ላይ ከሚመታ የብረት ቀለበት ይልቅ፣ የዚያው ጥብጣብ እጥፋት ቢተው አይነቀልም። ዳሱን ከጎን ወደ ጎን የሚወጥሩ ሁለት ወይም ሦስት ዘንጎች ከላይ በሸራ መስቀያው ገመድ ሲሳቡ ጣሪያው ጀርባ ያወጣል፤ ጎኖቹ ወደ ጀልባዋ ጠርዝ በገመድ ይታሰራሉ። ላስቲክ በአንድ ወገን ብቻ ቢሆን ድንገተኛ ግፊትን ያለዝባል፤ በሁሉም ወገን ከሆነ ግን ዳሱ እንደ ከበሮ መዝለል ይጀምራል።

ሲዘረጋ መጀመሪያ የሚታሰረው፣ ሲወርድም መጨረሻ የሚፈታው ነፋስ የሚመጣበት ወገን ነው። ከዚያ ወገን ከተፈታ ነፋሱ ከሥር ገብቶ ዳሱን ይገለብጠዋል። ከኋላ ወደ ፊት እየጠቀለሉ መምጣት ግን ሌሊት፣ በጨለማና በዝናብ ሊደረግ ይችላል። የሚደረገውም ብዙ ጊዜ ያኔ ነውና፣ ቋጠሮዎቹ በአንድ ስበት የሚፈቱ ይሁኑ። ከምሰሶው ፊት የተዘረጋ ትልቅ ዳስ የጀልባዋን አፍንጫ በነፋስ እያስገፋ ግራ ቀኝ እንደሚያወዛውዛት፣ ወደ ኋላ ያለው ግን በአንጻሩ ጸጥ እንደሚያሰኛት ማወቅም ይጠቅማል።

ዝናብን በአጭሩ እናገራለሁ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 6 ካሬ ሜትር ዳስ 120 ሊትር ይቀበላል፤ መውረጃ ካላገኘ 120 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሆድ ያወጣል። ተዳፋት ካለው ግን ያው ውኃ በቱቦ ወደ ማጠራቀሚያ ይሄዳል። የመጀመሪያው ውኃ ጨውና አቧራ ስለሚያጥብ ይደፋል።

በመሪው ስፍራ ላይ በቧንቧ አጥንት የሚቆመው፣ ቢሚኒ የሚባለው ጥላ በጉዞ ላይም የሚያገለግል ነው፤ ስለዚህ ችግሩ ከሸራው ጋር መጋጨቱ ነው። ቁመቱ ከመለካቱ በፊት ሸራው ተሰቅሎ፣ ከዚያም ለኃይለኛ ነፋስ እንደሚደረገው ተቀንሶ፣ አግዳሚው ከጎን ወደ ጎን ሲወረወር የሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ መታየት አለበት። በወደብ ውስጥ ቆሞ የተለካ ቢሚኒ በመጀመሪያው ብርቱ ነፋስ የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው። መሪ የያዘው ሰው ሸራውን ቀና ብሎ የሚያይበት፣ በክዳን የሚሸፈን ግልጽ ፕላስቲክ መስኮት በጣሪያው ላይ ያስፈልጋል። የገመድ መጠቅለያው እጀታ፣ ብዙውን ጊዜ 25 ሴንቲሜትር የሚሆነው፣ ከቧንቧው ሳይጋጭ ሙሉ ዙር መዞር መቻሉም መረጋገጥ አለበት። የማይዝግ ብረት ብሎን በቀጥታ አሉሚኒየም ውስጥ ከገባ፣ ጨዋማ ውኃ ሁለቱን ብረቶች እንደ ባትሪ አገናኝቶ አሉሚኒየሙን ያስበላል፤ በመካከላቸው የሚለይ ቅባት ወይም ፕላስቲክ መደረግ አለበት።

ስፌቱን በቤት መሥራት የሚፈልግ ሰው ቅዱን በቀጥታ በጨርቁ ላይ አይሞክር፤ ርካሽ የፕላስቲክ ወረቀት በቦታው ወጥሮ፣ ምልክት አድርጎ፣ ያንን ወደ ጨርቁ ያሸጋግር። 110 ቁጥር መርፌ፣ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ስፌትና ጠርዙን እያቀለጠ የሚቆርጥ ትኩስ ቢላዋ ለአክሪሊክ ይስማማሉ። ልባሱ ብረት የሚነካበት ቦታ ሁሉ በቆዳ ወይም ፕላስቲክ በተቀባ ጨርቅ ይደረብ። ሲቆሽሽ በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ በአየር ይደርቃል፤ የማድረቂያ ሙቀት ያኮማትረዋል።

ከተገጠመም በኋላ በየወቅቱ አንድ ፍተሻ ያስፈልጋል። በልባሱ ጀርባና በዳሱ ማዕዘን ያለውን ስፌት በጥፍር ጫፍ ጫር ማድረግ ነው። በፖሊስተር ክር የተሰፋው ጥፍር ሲነካው ከተበጠሰ፣ ጨርቁ ገና ጤነኛ ሳለ አውርዶ በአሮጌው መስመር ላይ እንደገና መስፋት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ቀዳዳዎቹ አሉ፣ ቅዱም አለ፣ ልክ መውሰድ አያስፈልግም።